ላብ የማያሳጣ የልብስ ቀለም አመራረጥ

በሰው በታጨቀ አውቶቡስ ውስጥ የላይኛውን ብረት ጨብጦ የቆመ ሰው ብብቱን የሚደብቅበት ቦታ የለውም። ግራጫ የጥጥ ቲሸርት ከለበሰ ላቡ ከኋለኛው በር ይታያል። አጠገቡ የቆመው ሰው እኩል አልቦት ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ በመልበሱ ብቻ ገና ከቤቱ የወጣ ይመስላል። ሙቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱን ያሳጣው ቀለሙ ነው።

«በቃ ጥቁር መልበስ ነው» የሚለው የተለመደ ምክር ችግሩን በግማሽ ብቻ ይፈታል። ላብ ሰውን ሁለት ጊዜ ያሳጣልና፤ አንዴ እርጥብ ሳለ፣ አንዴ ደግሞ ከደረቀ በኋላ። ለመጀመሪያው የሚበጀው ቀለም ለሁለተኛው የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ያሏችሁን ልብሶች አውጥታችሁ ብብታቸውን፣ ጀርባቸውንና ኮሌታቸውን በቀን ብርሃን እዩ። ልብሱ ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ከለበሳችሁት በኋላ የሚያሳፍራችሁ እርጥበቱ ነው? ወይስ ታጥቦም የማይለቅ ቢጫ ነው? ወይስ ጥቁሩ ላይ ነጭ ካርታ ይሠራል? መልሱ የምትገዙትን ቀለም ይወስናል።

እርጥበቱ ለምን ይታያል

ደረቅ አፈር ላይ ውሃ ሲፈስ አፈሩ ይጠቁራል። ጨርቅ ላይ የሚሆነውም ያው ነው። በደረቅ ጨርቅ ክሮች መሐል አየር አለ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ከክር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ክር እየተላተመ ብዙው ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ላብ ያንን የአየር ቦታ ሲሞላው ብርሃኑ እንደ ቀድሞው አይመለስም፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባና የጨርቁ ቀለም ይውጠዋል። ለዚህ ነው የረጠበው ቦታ ጠቆር ብሎ የሚታየው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ዋናው ነው። ጥቁር ጨርቅ ድሮውንም የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ቢረጥብም ከዚያ በላይ የሚጠቁርበት ቦታ የለውም። ነጭ ጨርቅ ደግሞ ብርሃን የሚውጥ ማቅለሚያ ስለሌለው ብዙ አይጠቁርም፤ የነጭ ጣጣ ሲረጥብ ስስ መስሎ ከሥር ያለውን ማሳየቱ ነው። መከራው ያለው መሐል ላይ ባሉት ቀለማት ላይ ነው። ጥቁርም ነጭም ያልሆኑት ሲረጥቡ ብዙ ደረጃ ወደ ጥቁረት ይወርዳሉ፤ ዓይንም የሚይዘው ይህንን የደረቅና የእርጥብ ልዩነት ነው።

ከሁሉም የባሰው ነጭና ጥቁር ክር ተቀላቅሎ የሚሠራው፣ የስፖርት ቲሸርት ላይ የምናየው አመድማ ግራጫ ነው። ቀለሙ ልክ መሐል ላይ ነው፤ ጨርቁም አብዛኛውን ጊዜ ስስ የጥጥ ሹራብ ስለሆነ ላብን ይጠጣል፣ ይዞም ይቆያል። ቀጥሎ የሚመጣው ለቢሮ ሸሚዝ በጣም የሚመረጠው ውሃ ሰማያዊ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለደንብ ልብስ ይህንኑ ቀለም መምረጣቸው ለባሹን አያዝንለትም። ካኪ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ፈዛዛ ሮዝ፣ የአሸዋ ቀለምና ፈዛዛ ሐምራዊ ከዚሁ ጎራ ናቸው። ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ሰማያዊ ከግራጫ ይሻላሉ እንጂ አይደብቁም፤ ደማቅ ቀይ ብብቱ ሲረጥብ የደም ቀለም ይይዛል።

እርጥበት ለሚያስቸግረው ሰው የሚበጁት ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ቡኒ፣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ ጠርሙስ አረንጓዴ እና ሌላኛው ጫፍ ላይ ነጭ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ብቻ ግዙ ብትሉን ጥቁር ሰማያዊን እንመርጣለን። እርጥበትን ከጥቁር ብዙም ሳያንስ ይደብቃል፤ የዲዮድራንት ዱቄትና የጨው መስመር ግን ጥቁር ላይ እንደሚጮኹት አይጮኹበትም። ለሥራም ለለቅሶም ለሰርግም መሆኑ ትርፍ ነው።

ከደረቀ በኋላ የሚቀረው

ላብ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ ከመቶ 99 እጁ ገደማ። ጣጣው ያለው በቀሪው ውስጥ ነው፤ ጨውና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች አሉበት። በብብት በኩል የሚወጣው ደግሞ መላ ሰውነት ላይ ካለው የላብ ዕጢ በተጨማሪ ቅባትና ፕሮቲን ካለበት ከሌላ ዓይነት ዕጢም ጭምር ስለሚመጣ ወፍራም ነው።

ጀርባና ደረት ላይ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ጥቁር ቲሸርት ላይ ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ሠርቶ ካርታ የሚመስለው ይኸው ነው። ነጭ ልብስ ላይ ጨው አይታይም፤ እዚያ የሚታየው የብብት ቢጫ ነው። ያ ቢጫ ከላቡ ብቻ የመጣ አይደለም። ላብ በሚያግዱ ቅባቶች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ከላቡና ከሰውነት ወዝ ጋር ሲገናኝ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ብብቱን የሚያደርቀውና እንደ ካርቶን የሚያደርገውም እሱ ነው። ስለዚህ ነጭ ሸሚዝ የሚወዱ ሰዎች ከቀለሙ ይልቅ የሚቀቡትን ነገር መመርመር አለባቸው። ዕቃው ላይ አሉሚኒየም የሚል ከሌለ ሽታ እንጂ ላብ አያግድም፤ ቢጫውም ይቀንሳል። ላብ ማገጃ መቀባት ግዴታ ከሆነባችሁ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በደረቅ ቆዳ ላይ ስስ አድርጋችሁ ተቀቡ፤ በእንቅልፍ ሰዓት ላብ ስለሚቀንስ መድኃኒቱ ሥራውን በደንብ ይሠራል፤ ጠዋት ታጥባችሁ ልብስ ስትለብሱ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው ጥቂት ይሆናል። ልብስ ለማበላሸት ጠዋት ተቀብቶ ወዲያው ሸሚዝ ከማጥለቅ የበለጠ መንገድ የለም።

በአጭሩ፣ ላባችሁ ብዙ ሆኖ የሚያስቸግራችሁ ጀርባና ደረታችሁ ላይ ከሆነ ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ይሻላችኋል። ብብታችሁ ብቻ ከሆነ ጥቁር ሰማያዊ።

ዝንጉርጉር ጨርቅ፣ ግን ሁሉም አይደለም

ዓይን የላብን ቦታ የሚለየው በዳሩ ነው፤ እርጥቡና ደረቁ የሚለያዩበትን መስመር ይከተላል። ጨርቁ ላይ ሌሎች ብዙ መስመሮች ካሉ ያ ዳር ይጠፋል። ለሁለቱም ዓይነት ማሳጣት፣ ለእርጥቡም ለደረቁም፣ አንድ ላይ የሚሠራ መፍትሔ ቢኖር ጥሩ ዝንጉርጉር ነው።

የሚሳሳተው ሰው ግን ብዙ ነው። መዳፍ የሚያክል አበባ ያለበት ጨርቅ በአበቦቹ መሐል ባዶ ሜዳ ይተዋል፤ የብብት ላብ እዚያ ሜዳ ላይ ያርፋል። በጣም ደቃቅ የሆነውም አይረዳም፤ ሰማያዊና ነጭ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ያለበት ሸሚዝ በእጅ ሲይዙት ዝንጉርጉር ነው፣ ሁለት ሜትር ሲርቁት ግን ቀለማቱ ተቀላቅለው ውሃ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ያ ደግሞ ከላይ ያወገዝነው ቀለም ነው። የሚፈለገው የአንዱ ምስል መጠን ከጥፍር እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ መደቡ ጠቆር ያለ፣ በላዩ ላይ ያሉት ቀለማት ከመደቡ በጉልህ የሚለዩ ነው። ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ቅጠሎች፣ ጥቁር ቡኒ ላይ ክሬም ነጠብጣቦች፣ እንዲህ ያለው። ቀጫጭን ቁም መስመር ከምንም ይሻላል፤ መደቡ ፈዛዛ ከሆነ ግን አትድከሙ።

ለልብስ ሰፊ ጨርቅ የምትሰጡ ከሆነ ሌላም ዘዴ አለ። የጎኑን ቁራጭ፣ ከብብት እስከ ወገብ ያለውን፣ ከሌላው ጠቆር ባለ ጨርቅ አሰፉት። ብብቱንም ከተለመደው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲያደርገው ንገሩት፤ ጨርቁ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ ላቡን የሚጠጣው ያንሳል። ከዚያ በላይ ከወረደ ግን እጅ ስታነሡ ሸሚዙ ከሱሪ ይወጣል።

ቀለሙ ብቻውን አይበቃም

ያው ጥቁር ሰማያዊ በሦስት ዓይነት ጨርቅ ሦስት ዓይነት ጠባይ አለው። በመጠነኛ አየር ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆን እርጥበት ክሩ ውስጥ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። ስለዚህ የጥጥ ቲሸርት ላብን ባለበት ይጠጣና ይዞ ይቀመጣል፤ ለቆዳ ይመቻል፣ ለመድረቅ ግን ሰነፍ ነው። ለስፖርት ተብሎ የተሠራ ፖሊስተር ክሩ ስለማይጠጣ ላቡ በክሮቹ መሐል ሰፋ ብሎ ይበተናል፤ ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ቶሎ ይደርቃል፣ ዳሩም ደብዛዛ ይሆናል። ለስፖርት ያልተሠራው፣ እንደ ሽፎንና ሳቲን ያለው ፖሊስተር ግን እንደዚያ አይደለም፤ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሽታውንም አይለቅም።

ሐር ከላብ ጋር አይስማማም፤ ከደረቀም በኋላ የውሃው ክብ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ቪስኮስ ለስላሳና ቀዝቃዛ ቢሆንም ሲረጥብ በጣም ይጠቁራል፣ ጥንካሬውንም ያጣል፤ ከገዛችሁ ጥቁር መደብ ያለው ዝንጉርጉር ይሁን። ከተልባ የሚሠራው ሊነን እርጥበቱን አይደብቅም፣ ነገር ግን ከጥጥ ቀድሞ ይደርቃል። ገጹ ሻካራ ወይም ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ጨርቅ ከልሙጡ ይሻላል፤ ደረቅም ሆኖ የራሱ ጥላ ስላለው የላቡ ጥላ ለብቻው አይወጣም። ኮሌታ ያለው የፖሎ ቲሸርት ከተራው ቲሸርት የተሻለ የሚመስለው በዚህ ነው።

ለነጭ ልብስ ደግሞ ውፍረቱን ፈትኑ። ጨርቁን ሳይደረብ ነጠላውን ከእጃችሁ በላይ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ጣቶቻችሁን መቁጠር ከቻላችሁ ሲረጥብ ቆዳችሁን መቁጠር ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይፈተናል

ባለሱቁ ውሃ እንድታፈሱበት አይፈቅድም፤ አያስፈልግምም። የታጠፈውን የታችኛውን ጫፍ ገልብጡና ከውስጥ በኩል በረጠበ ጣት 5 ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ከዚያ ወደ በሩ ውጡ፤ የሱቅ አምፖል ያታልላል። እጃችሁን ዘርግታችሁ የልብሱን ውጫዊ ገጽ እዩት። ወዲያው ጠቁሮ ከታየ ብብታችሁም ላይ እንደዚያው ነው። ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ ደግማችሁ ስታዩት ሰፍቶ ከደበዘዘ ጥሩ ነው፤ እንዳለ ከቆመ ጨርቁ ይዞ የሚቀመጥ ነው። ውሃው እንደ ዶቃ ሆኖ ከላይ ከቀረ አትደሰቱ፤ አዲስ ጨርቅ ላይ የሚቀባው ማጠንከሪያ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይለቅና እውነተኛ ጠባዩ ይወጣል።

ሰልባጅ ከሆነ ገልብጡት። ብብቱን ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳሱት። ከሌላው ጨርቅ የጠነከረ ወይም የሚያንሸራትት ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ላብና ቅባት እዚያው ነው፤ ዋጋው ካልወረደ ተዉት።

ከሥር የሚለበሰው

እጅጌ የሌለው ካናቴራ ብብትን አይሸፍንም። ብዙ ወንዶች በሸሚዝ ሥር የሚለብሱት ግን እሱን ነው፤ ጀርባን ያድናል፣ ብብት ላይ ግን ሸሚዙ ከቆዳ ጋር ያው እንደተገናኘ ነው። ከሥር የሚለበሰው አጭር እጅጌ ያለው፣ ስስና ገላን ያዝ የሚያደርግ ይሁን፤ ላቡን እሱ ከጠጣው ሸሚዙ ይተርፋል። በነጭ ሸሚዝ ሥር ነጭ መልበስም የተለመደ ስሕተት ነው፤ የእጅጌውና የአንገቱ ጠርዝ በግልጽ ይታያል። ከቆዳችሁ ጋር የሚቀራረብ ቡኒ ግን ከነጭ ሥር ይጠፋል።

ሁለት ልብስ መደረብ ለማይስማማው የብብት ላብ መያዣ ይሠራል። ከአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ለእያንዳንዱ ብብት 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ግማሽ ክብ የሚመስሉ አራት ቁራጮች ቁረጡ። ሁለት ሁለቱን አነባብራችሁ ስፉና ሁለቱን ጥንዶች በቀጥተኛው ጠርዝ አጋጥሙ፤ ሲከፈት አንዱ ወደ እጅጌው፣ አንዱ ወደ ጎን ይተኛል። ከልብሱ ውስጥ በኩል በብብቱ ስፌት ላይ በሦስት ቦታ ጣል ጣል አድርጋችሁ ያዙት፤ ስፌቱን በሙሉ ከሰፋችሁት ለማጠብ ማውጣት ያስቸግራል። ለኮትና ለሙሽራ ልብስ ይህ የግድ ነው ማለት ይቻላል፤ ኮት በየሳምንቱ አይታጠብምና ላቡን የሚጠጣው ገበሩ ነው።

ቆላና ባሕር ዳርቻ ላላችሁ

አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ሹራብ ለብሶ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ ማውለቅ ነው ችግሩ፤ ሹራቡ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ታሽቶና ረጥቦ ይወጣል። ስለዚህ ቀለም የሚመረጠው ለሹራቡ ሳይሆን ከሥር ላለው ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ግን ላቡ ቀኑን ሙሉ ነው፤ ጂዳና ዱባይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይተንም። እዚያ ብብትን ብቻ ማሰብ አይቻልም፤ መላው ጀርባ ይረጥባል፤ ሰፋ ያለ ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ልብስ ይሻላል።

ጥቁር በፀሐይ ይሞቃል የሚለው እውነት ነው፣ ግን ሰፊ ልብስ ላይ እንደሚታሰበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የበረሃ ዘላኖች የሚለብሱትን ጥቁርና ነጭ ቀሚስ አነጻጽሮ ጥቁሩ ፊቱ የበለጠ ቢሞቅም ለባሹ ቆዳ ላይ የሚደርሰው ሙቀት ከነጩ እንደማይበልጥ አሳይቷል፤ ልብሱ ሰፊ ስለሆነ በመሐሉ የሚዘዋወረው አየር ሙቀቱን ይወስደዋል። ገላ ላይ ለተጣበቀ ጥቁር ቲሸርት ግን ይህ አይሠራም።

የሀገር ልብስ

ነጭ የጥጥ ቀሚስ እርጥበትን ባይናገርም ወይቦ ያሳጣል። አንገቱና ብብቱ የጥምቀት ዕለት እስክስታ ተመቶበት፣ ፀሐይ ላይ ተውሎበት፣ ሳይታጠብ ሳጥን ከገባ ለፋሲካ ሲወጣ ቢጫ ሆኖ ነው። ወዙ ዕለቱን አይታይም፤ ሲቆይ ነው የሚወይበው። ስለዚህ «አንዴ ብቻ ነው የተለበሰው» ተብሎ አይቀመጥም። ከሥሩ እጅጌ ያለው ስስ የውስጥ ልብስ ልበሱ፤ ላብ ማገጃ ቅባት የዕለቱ ዕለት አትቀቡ። ከማጠባችሁ በፊት የጥለቱንና የጥልፉን ቀለም እርጥብ ነጭ ጨርቅ አስነክታችሁ ፈትኑ፤ ከለቀቀ ብብቱን ብቻ ለይታችሁ እጠቡ።

ቢጫውንና ነጩን ማስለቀቅ

ነጭ ልብስ ሲወይብ እጅ ወደ በረኪና ይሄዳል። አይሂድ። በረኪና የላብ ቢጫን ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል፣ ጨርቁንም ያሳሳዋል። በሱ ፈንታ ብብቱን በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ነጭ አቸቶ ጨምራችሁ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ አሲዱ የተጣበቀውን የአሉሚኒየም ቅሪት ያላላዋል። በደንብ አለቅልቁት። ከዚያ ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ ለውሳችሁ በቦታው ላይ ቀቡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ አንድ ሰዓት አቆይታችሁ በኦሞ እጠቡት። ካልለቀቀ፣ ጨርቁም ነጭ ጥጥ ከሆነ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ለግማሽ ሰዓት አድርጉበት። ሐር፣ ሱፍና ባለቀለም ጥልፍ ላይ አታድርጉት። አቸቶና በረኪናን በምንም ምክንያት አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አቸቶውንና ፐርኦክሳይዱንም በአንድ ዕቃ አታገናኙ፤ በመሐል አለቅልቁ። ቢጫው ሳይለቅ ካውያ አታሳርፉበት፤ ሙቀቱ ያጸናዋል።

የጥቁር ልብስ ጣጣ ቀላል ነው። የጨው ካርታ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲለቀለቅ ይሟሟል፤ ሳሙና አይፈልግም። የዲዮድራንት ነጭ ዱቄት ደግሞ ውሃ ሳይነካው በደረቅ የናይለን ካልሲ ሲታሽ ይነሣል፤ ውሃ ከነካው ግን ይለጠፋል። ጥቁሩን ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ አስጡት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዝና ወደ ግራጫ ይሄዳል፤ ያኔ ላቡ እንደገና መታየት ይጀምራል።